የጎደሉት ሦስት ኖታዎች

ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ስልክ የምጠግንበት ክፍል ድሮ ጌም ቤት ነበር። አሁን በቺፑድ ለሁለት ተከፍሏል፤ ከወዲያ የልጆች ልብስ ይሸጣል፣ ከወዲህ እኔ አለሁ። ቴሌቪዥኖቹ ተሰቅለውባቸው ከነበሩት ብሎኖች አራቱ በእኔ በኩል ቀርተዋል። አምስተኛውን ስነቅል ልስኑ አብሮ ስለረገፈ እነዚህን ተውኳቸው።

ጌም ቤቱ አምስት ስክሪን ነበረው። በአራቱ ኳስ ይጫወታሉ። አምስተኛው ጥግ ላይ ነበር፤ ከፊቱ አንድ የፕላስቲክ ጊታር ይቀመጣል። ጊታሩ ክር የለውም። አንገቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቁልፎች አሉት፤ ሆዱ ላይ ደግሞ በአውራ ጣት የምትመታ አንዲት ምላስ። ዘፈኑ ሲጀምር ባለቀለም ኖታዎች ከስክሪኑ ጫፍ ወደ ተጫዋቹ ይንሸራተታሉ። ኖታው መስመሩ ላይ ሲደርስ የቀለሙን ቁልፍ ይዞ ምላሷን መምታት ነው። ከመታህ ጊታሩ ይሰማል። ከሳትክ ዘፈኑ አይቆምም፤ የጊታሩ ድምፅ ብቻ ከመሃሉ ይጠፋል፣ ከበሮውና ዘፋኙ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላሉ። ይህ ነገር ገና ያኔም ደስ አይለኝም ነበር። አንድ ሰው ከቤት ወጥቶ ሌሎቹ ምሳቸውን ሲበሉ የማየው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሰሞን ወረፋው ደጅ ድረስ ይደርስ ነበር። ከሀይሌ ጋርመንትና ከመካኒሳ ታክሲ ይዘው የሚመጡ ነበሩ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የእኛው ብሎክ ልጅ፣ ጓደኛዬ ነበር። ከእናቱ ጋር አራተኛ ፎቅ ይኖራል። ከሆሳዕና አካባቢ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው፤ እሱም ቸርች ውስጥ እውነተኛ ጊታር ይመታል። በዚህ ምክንያት ኳስ ተጫዋቾቹ ዘማሪ ይሉታል።

«ዘማሪ፣ ይቺኛዋ ስንት ቁጥር መዝሙር ናት?» ይሉታል።

«አንተ ኳስህን ተጫወት። ራስህ ላይ እንዳታገባ ብቻ» ይላል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ።

ዲስኩ ኮፒ ነበር። ባለቤቱ መርካቶ ነው ያስገለበጠው። ከሁሉም በምንወደው ፈጣን ዘፈን መሃል አንድ ቦታ ሙዚቃው ይዋጣል፤ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጸጥታ ይሆናል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሦስት ኖታዎች ያልፋሉ፣ ብትመታቸውም ማሽኑ አይቀበልህም። ስለዚህ ጣታችንን አንስተን መጠበቅን ተማርን። በልባችን ሦስት ቆጥረን እንገባለን። ዘፈኑ አራት መቶ አሥራ አምስት ኖታ አለው፤ እኛ ቤት የሚቻለው ትልቁ ውጤት አራት መቶ አሥራ ሁለት ነበር። እዚያ ድረስ የደረስነው አራት ሰዎች ብቻ ነን፤ እሱ፣ እኔና ሌሎች ሁለት ልጆች። በሌላ ቦታ ዘፈኑ ሙሉ እንደሆነ አናውቅም ነበር። ጓደኛዬ ቸርች ውስጥ እንኳ በመዝሙር መሃል ሳያስበው እጁን እንደሚያነሳ፣ ከዚያም ከበሮ መቺው ዞሮ እንደሚያየው ሲነግረኝ ስቀናል።

ጨዋታው በየዓመቱ አዲስ ይወጣ ነበር። ከዚያ መውጣቱን አቆመ። መጀመሪያ አላስተዋልንም። የጊታሩ ምላስ ሲበላሽ ባለቤቱ መርካቶ ሄዶ ጠየቀ፤ ይህን ዕቃ የሚያመጣ ሰው የለም አሉት። ከተጣለ የኮምፒውተር ማውዝ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ አውጥቼ በየድኩላት፤ ጊታሩ ሠራ። ማንም ሳያስተምረኝ ጥገና የጀመርኩት እዚያ ጥግ ላይ ነው። ቀጥሎ ባለቤቱ አሮጌውን ቴሌቪዥን በጠፍጣፋ ቀየረው። ጠፍጣፋው ምስሉንና ድምፁን በትንሹ ያዘገያል፤ ለኳስ ምንም አይደለም፣ ለዚህ ጨዋታ ግን ሁሉም ሰው ባንድ ቀን መሳት ጀመረ። ሰዎች ችሎታቸው የጠፋ መሰላቸው። አንድ በአንድ ቀሩ። ጥጉ ላይም ኳስ ተተከለ፤ ብዙም ሳይቆይ ጌም ቤቱ ራሱ ተዘጋ።

ጓደኛዬ በደቡብ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ከሞያሌ ደወለ። ከዚያ በኋላ ከማላውቀው አገር ቁጥር አንድ ጊዜ ደውሎ ደህና ነኝ አለ። ከዚያ ምንም የለም። እናቱ ስልክ ቁጥራቸውን ላለመቀየር ብለው ያንኑ አሮጌ ሲም ከስልክ ስልክ ሲያዛውሩ ኖረዋል፤ የማዛውርላቸው እኔ ነኝ። ማዘር ነው የምላቸው፣ እንደ ሰፈሩ ልጅ ሁሉ።

የስልክ ስክሪን ከቀየርኩ በኋላ ተቹ ጣት ሲነካው ከዳር እስከ ዳር መሥራቱን ማረጋገጥ አለብኝ። ለዚህ የሚሆን ፈጣን ነገር ስፈልግ ያንን ጨዋታ በስልክ አገኘሁት። ጊታሩ ቀርቷል፤ ኖታዎቹን በጣት መንካት ነው። ሥራዬን ስጨርስ በራሴም ስልክ መጫወት ጀመርኩ። በዚህኛው ዘፈኑ ሙሉ ነበር። ጸጥታው በሚመጣበት ቦታ ጸጥታ የለም፤ ጣቴ ግን ይነሳል። ያን ልማድ ለመተው ሦስት ወር ፈጅቶብኛል።

ጨዋታው እየሞተ እንደነበር ያወቅኩት ከዘፈኖቹ ዝርዝር ነው። አንድ ቀን ስከፍተው አንድ ዘፈን የለም፤ የነበረበት ቦታ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኗል። በሳምንቱ ሌላ። የዘፈኖቹ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲያልቅ የጨዋታው ኩባንያ እንደሚያወጣቸው በኋላ አነበብኩ። በየዘፈኑ ሥር የተጫዋቾች ሰንጠረዥ አለ፤ ስም፣ የመጨረሻ ጨዋታው ውጤትና የተጫወተበት ሰዓት። ድሮ ሺዎች ነበሩ። የእኛን ዘፈን ስከፍት ዘጠኝ ስም ቀርቷል። ሰባቱ ከዓመት በላይ አልተጫወቱም። አንዱ እኔ ነኝ።

ዘጠነኛው ሦስት ፊደል ነበር። ጓደኛዬ ጌም ቤት ውስጥ ሁልጊዜ የሚጽፋቸው ሦስት ፊደላት ናቸው፤ እዚህ አልጽፋቸውም። ከጎኑ አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። ሰዓቱ የዚያን ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከስምንት ደቂቃ።

ሦስት ፊደል ማንም ሊጽፍ ይችላል ብዬ ለሁለት ሳምንት ለማንም አልተናገርኩም። በየቀኑ አየሁ። በየቀኑ ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል ባለው ጊዜ አንዴ ይጫወታል፤ በየቀኑ አራት መቶ አሥራ ሁለት። አራት መቶ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሦስት አንድም ቀን አልነበረም። ከአራታችን የቀሩትን ሁለቱን ፈልጌ ጠየቅኩ። አንዱ ታክሲ ይነዳል፣ አንዱ ሀይሌ ጋርመንት ሱቅ አለው። ጨዋታው በስልክ መኖሩንም አያውቁም።

ለማዘር ነገርኳቸው። ደንበኛ የሚቀመጥባት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ስለ ሦስቱ ኖታዎች እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ስለዚህ ስህተቱ ነው የሚያሳውቀው» አሉ።

«አዎ ማዘር።»

«ኢንተርኔት ካለው ለምን አይደውልልኝም?»

ይህን እኔም ራሴን ጠይቄ ነበር። የሰው ስልክ ይሆናል፣ ተዘግቶበት ያለ ቦታ ይሆናል፣ አፍሮ ይሆናል ብዬ ደረደርኩላቸው። እሳቸው አፍሮ የሚለውን ያዙ። ያፈረ ልጅ በሕይወት ያለ ልጅ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአራተኛ ፎቅ ይወርዱ ነበር። ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት ጽሑፍ ያለበት የልብስ መለያ ሲሰፉ ስለኖሩ የፈረንጅ ፊደል ይለያሉ። ሦስቱ ፊደላት አጠገብ የዕለቱ ሰዓት ብቅ ሲል መዳፋቸውን ስልኬ ላይ አድርገው በዝግታ ይጸልያሉ። እኔ የብየዳ ብረቴን አጥፍቼ እጠብቃለሁ። መዳፋቸውን ሲያነሱ ስክሪኑ ላይ የሚቀረው ጭጋግ ቀስ ብሎ ይጠፋና ፊደላቱ ከሥሩ ተመልሰው ይወጣሉ። ያቺን ጥቂት ሰከንድ ሁለታችንም እናያታለን፤ ተመልሰው ባይወጡስ የምንል ይመስል።

አንድ ቀን ጨዋታውን ስከፍት ማስታወቂያ መጣ። ተጫዋች ስላነሰ ሰርቨሩ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ይዘጋል፤ ሰንጠረዡም ይጠፋል ይላል። ሰዓቱን ወደ እኛ ሰዓት ሦስት ጊዜ አስልቼ በወረቀት ጻፍኩት፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት።

ስነግራቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ያ ጌም ቤት ይዘጋ ብዬ የጸለይኩት እኔ ነኝ። ሰማኝ። አሁን ደግሞ አትዝጋው እያልኩት ነው። ምን ይለኝ ይሆን?»

ጨዋታው ውስጥ መልእክት መላላኪያ የለም። መቀየር የሚቻለው ስም ብቻ ነው። ስሙ ከስምንት የፈረንጅ ፊደል አይበልጥም፣ ቁጥር አይቀበልም፣ ከቀየሩት ደግሞ እስከ ሁለት ቀን ድረስ መልሶ መቀየር አይቻልም። የእኔ ስም ጨዋታው ራሱ የሰጠኝ ትርጉም የሌለው የፊደል ስብስብ ነበር። «ደውል» በሚለው ቀየርኩት። ከዚያ አንድ ሙሉ ጠዋት ሠርቼ ውጤቴን በትክክል አራት መቶ አሥራ ሦስት ላይ አቆምኩት፤ ስሜ ከእሱ በላይ፣ ተጣብቆ እንዲቀመጥ። ሲጫወት ሳያየኝ ሊያልፍ አይችልም።

አንድ ሳምንት አለፈ። በየቀኑ ተጫወተ። በየቀኑ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ከራሱ በላይ «ደውል» የሚል ቃል እያየ ምንም አላለም። ማዘር ስልካቸውን በእጃቸው ይዘው መውረድ ጀመሩ።

ሦስት ቀን ሲቀረው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ሰንጠረዡን ሳድስ ከእኔ በላይ ወጥቶ አየሁት። አራት መቶ አሥራ አምስት። ሙሉ።

ዘግቼ ከፈትኩት። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። ከጀርባዬ ከቺፑዱ ወዲያ ሻጯ የልጅ ጫማ ዋጋ ለሰው ትነግራለች፤ ድምጿ ከሩቅ እንደሚመጣ ሆኖ ተሰማኝ። ጣት የተማረውን በአንድ ቀን አይረሳም። ትናንት ሦስቱን የሳተ እጅ ዛሬ ሦስቱንም መታ። ወይ በሦስት ወር የተማርኩትን በአንድ ሌሊት ተምሯል፣ ወይ ዛሬ የነካው ሌላ እጅ ነው። ሌላ እጅ ከሆነ ደግሞ ስልኩ ከእሱ እንዴት ወጣ?

ማዘር ደረጃውን እየወረዱ ነበር። «ተጫወተ?» አሉኝ ገና ከበሩ።

«ተጫውቷል» አልኩ። ውጤቱን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ስሙን አሳየኋቸው። መዳፋቸውን ስልኩ ላይ አድርገው ጸለዩ፣ ጣቴም ከመዳፋቸው ሥር ነበር።

በማግስቱም አራት መቶ አሥራ አምስት ሆነ። መደበቅ አልቻልኩም፤ ነገርኳቸው። ጸሎቱን ትተው ብዙ ደቂቃ የግድግዳውን ብሎኖች ሲያዩ ቆዩ። ያለቅሳሉ ብዬ ነበር።

«ሌላ ሰው ከሆነ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስልኩ በሰው እጅ ነው ማለት ነው። ያ ሰው ያውቃል። ጠይቀው።»

«ማን ነህ ልበለው?»

«እንደሱ አይባልም። ሰው በስልክ እንደሚጠየቅ ጠይቀው። ማን ልበል በለው።»

በጣቴ ቆጠርኩ። በፈረንጅ ፊደል ልክ ስምንት ይሆናል። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ቀየርኩት።

በማግስቱ፣ ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ማዘር ቀድመው ወርደው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ሰንጠረዡን አደስኩ። ሦስቱ ፊደላት የሉም። ጠፋ ብዬ ክው አልኩ። ከዚያ ቦታውን አየሁት። እሱ በነበረበት መስመር ላይ፣ ከአራት መቶ አሥራ አምስት ጎን፣ ስምንት ፊደል ተጽፏል፦ ማን ልበል። ከሥሩ፣ በእኔ መስመር፣ ያው ስምንት ፊደል፦ ማን ልበል። አንዱ በአንዱ ላይ፣ ሰው መስታወት ፊት ቆሞ እንደሚያየው።

ፀሐይዋ በበሩ ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ አርፋለች፤ ውጭ ታክሲ ረዳት ይጣራል።

«ይሄ ያንተ ነው?» አሉ።

«የታችኛው የእኔ ነው።»

«የላይኛውስ?»

ስሜን አይቶ የገለበጠ የማንም አገር ሰው ሊሆን ይችላል። አማርኛ የሚያነብ ሰውም ሊሆን ይችላል። እሳቸው ስልኩን ከእጄ ወስደው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ አራቁት፣ መልሰው አስጠጉት።

«እየጠየቀህ ነው» አሉ። «አንተ ማን እንደሆንክ ነግረኸዋል?»

ያኔ ገባኝ። ደቂቃውን ቆጥሬ፣ ኖታውን ቆጥሬ፣ ስሜ በየትኛው መስመር እንደሚወድቅ ለክቼ፣ ማን እንደሆንኩ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፍኩም። ለእሱ እኔ ትርጉም የሌለው የፊደል ስብስብ ነበርኩ፤ አንድ ቀን ድንገት ደውል የሚል፣ ሌላ ቀን ማን ልበል የሚል።

«ለማያውቀው ሰው ይደውላል?» አሉ ማዘር። አልተቆጡኝም። «ባለበት አገር እኮ ማን እንደሚፈልገው አያውቅም። አስፈራራኸው።»

ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ። ምን እንደምጽፍ ነገሩኝ። እቴቴ። ታናናሽ እህቶቻቸው እሳቸው ዘንድ አድገው ሲያገቡ ወጥተዋል፤ እነሱ ሲጠሯቸው ሰምቶ እሱም እናቱን እማዬ ሳይሆን እቴቴ እያለ አደገ። አሁን በዚህ ስም የሚጠራቸው ሰው አዲስ አበባ ውስጥ የለም። እኔም አላውቀውም ነበር።

ስሙን መቀየር የምችለው ግን በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ነበር። ሰርቨሩ የሚዘጋው አሥር ሰዓት ነው። ሃያ ደቂቃ።

በማግስቱ ሱቁን ለሌላ ደንበኛ አልከፈትኩም፤ በሩን ገርበብ አድርጌ ሁለታችን ተቀመጥን። ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል ሰንጠረዡን አምስት ጊዜ አደስኩ። የዚያን ቀን አልተጫወተም። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሲል አምስቱን የፈረንጅ ፊደል ጻፍኩ፣ እሳቸውም አንድ በአንድ አነበቡልኝ፣ ተጫንኩት። ስክሪኑ ላይ የምታስጠብቀው ክብ መዞር ጀመረች። ኔትወርኩ አንድ መስመር ነበር። ተነስቼ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ስልኩን ወደ ላይ ያዝኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ሰባት ላይ በራሴ ገጽ ላይ ስሜ እቴቴ ሆነ። ሰንጠረዡን ከፈትኩ፤ እዚያ አሁንም ማን ልበል ነው፣ ሁለቱም። ላድስ ስል ክቧ እንደገና መዞር ጀመረች፤ ዞረች፣ ዞረች፤ አሥር ሰዓት ላይ አገልግሎቱ ማብቃቱን የሚገልጽ አንድ አረፍተ ነገር ሆነች።

«ሄደለት?» አሉ።

«አላውቅም ማዘር። በእኔ በኩል ተቀይሯል። በእሱ በኩል ይታይ አይታይ ማወቅ አይቻልም።»

በአንተ በኩል ያለውን አሳየኝ አሉ። አሳየኋቸው። መዳፋቸውን አላደረጉበትም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አመሰግናለሁ የኔ ልጅ ብለው ደረጃውን ወጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መውረዳቸውን አልተዉም። አሁን የማሳያቸው ነገር የለኝም፤ እሳቸውም አይጠይቁም። ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ፣ በተፈቱት ስልኮች መሃል፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርገው ያስቀምጡታል፤ ቻርጅ ላይ እሰካላቸዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ስልካቸው ጠራ። የማይታወቅ ቁጥር ነው። እንደ ወትሮው ሃሎ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«እቴቴ ነኝ» አሉ።

በወዲያኛው በኩል ትንፋሽ ይሰማል፤ ከኋላው የመኪና ድምፅ አለ። እኔ የያዝኩትን ብሎን መፍቻ ሳላስቀምጥ ቆየሁ። እሳቸው ደግመው አልተናገሩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

ከዚያ አንድ ጎልማሳ ድምፅ፣ የተሳሳተ ቁጥር መደወሉን ሳያውቅ፣ ብሎኬቱ የግንባታው ሳይት ላይ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀ። ሹፌሩ ስልኩን እንደማያነሳ፣ ጠዋት እንደጫነ፣ ዝናብ ሳይመጣ መራገፍ እንዳለበት ተናገረ። ማዘር አላቋረጡትም። የሚለውን ሁሉ ብሎ እስኪጨርስ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ሰሙት።